ባጃጅን ብቻ የሚከለክል ምልክት፦ አድሎ ያለበትን የተሽከርካሪ ማቆሚያ ክልከላ በመረጃ ጥያቄ የመሞገቻ መንገድ

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። እንደ አብዛኛው የድሬዳዋ ነዋሪ ከቤት ወጥታ የምትመለሰው በባጃጅ ነው። ለዓመታት ስትታከምበት በኖረችው ቤት በር ላይ አንድ ሚያዝያ አዲስ ምልክት ተተክሎ ጠበቀን። ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እንዳይቆም ይከለክላል። የቤት መኪና ግን ይቆማል። የመሥሪያ ቤት መኪናም ይቆማል፣ ያውም በዛፉ ጥላ ሥር። ባለባጃጁ ሰሌዳው እንዳይፈታበት ፈርቶ መታጠፊያው ላይ አወረደን። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። እናቴ ያቺን አጭር መንገድ ስትጨርስ ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች።

እዚያው የነበረውን የትራፊክ ፖሊስ ተናግሬው ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተቆጣኝም። «እኛ ታዝዘን ነው፣ እናቴ ብትሆንም ያው ነው» አለኝ። ቤት ገብቼ ስለዚያ ቃል አሰብኩ። ታዝዞ ከሆነ ያዘዘ አለ። ያዘዘ ካለ ደግሞ የጻፈው ደብዳቤ፣ የተነጋገሩበት ቃለ ጉባኤ፣ የተመራ ማስታወሻ አንድ ቦታ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክሬን ከመንገዱ ወደ መዝገብ ቤቱ ወሰድኩት። ከታች የማቀርበው ያኔ ደረጃ በደረጃ የተማርኩትን ነው። መንገዱንም መሥሪያ ቤቶቹንም በስም አልጠራም፤ ሥርዓቱ ለየትኛውም ሰፈር ስለሚያገለግል ስሙ አያስፈልግም።

ከመጻፋችሁ በፊት መንገዱን እዩት

ብዙ ሰው ምልክቱን አይቶ፣ ተናዶ፣ በዚያው ዕለት «ፍትሕ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚቀበለው ሰው የሚመልሰው ነገር የለውም፤ አንብቦ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተከለከለው ምን እንደሆነ በትክክል እወቁ። መቆም ነው ወይስ ሰው ማውረድና መጫንም ጭምር? ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት? ከየት እስከ የት ነው? የመንገዱ አንድ ወገን ነው ወይስ ሁለቱም? በምልክቱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ቅዱ። ምልክት ሳይኖር በቃል ብቻ የሚከለከልበት ቦታም አለ። እንደዚያ ከሆነ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደከለከላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ቁጠሩ። አንድ ደብተር ይበቃል። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ቀን፣ ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ መንገዱ ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ የቆመውን ተሽከርካሪ ሁሉ በሰሌዳው ዓይነት መዘገብኩ። የሰሌዳውን ቁጥር አልያዝኩም፤ የሰው ንብረት መከታተል ይመስላል፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ለዓመታት የለመድነው ኮድ ነው፤ 1 የታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት። አጠገቡ «ተቀጣ»፣ «ተባረረ» ወይም «ዝም ተባለ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። በየቀኑ ሰዓቱን የምትቀያይሩ ከሆነ ግን ቁጥሮቻችሁ እርስ በርስ አይነጻጸሩም።

ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ምልክቱን ብቻ አንሱ። ፖሊስን፣ የጥበቃ ሠራተኛን ወይም የመንግሥት ሕንፃን ማንሳት ለሌላ ጣጣ ይዳርጋል፤ ጉዳያችሁም ከማቆሚያ ወጥቶ ሌላ ይሆናል።

እዚህ ላይ ራሳችሁን በሐቅ ጠይቁ። ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ ብዙ ነው። መጋላ ውስጥ ወይም አሸዋ ገበያ አካባቢ ጠባብ መንገድ ላይ ተደርድረው መተላለፊያ ሲያሳጡ ሁላችንም አይተናል። ለአምቡላንስ መግቢያ፣ ለእሳት አደጋ መኪና ወይም ለእግረኛ ማቋረጫ ተብሎ የተደረገ ክልከላ ሁሉንም እኩል የሚነካ ከሆነ ቅር ቢለንም አድሎ የለበትም። ጥርጣሬ የሚነሳው ያው መጨናነቅ፣ ያው ጠባብ መንገድ እያለ አንዱ ዓይነት ተሽከርካሪ ብቻ ሲከለከል ነው። የቤት መኪና ከባጃጅ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜም ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ክልከላው መጨናነቅን ለመቀነስ ከሆነ ለምን ትንሹና ቶሎ የሚሄደው ተመረጠ? ጥያቄያችሁ በዚህ ዙሪያ ይገነባ።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሕግ መሸምደድ አያስፈልግም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ ልዩነት የማይደረግባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ከእነሱ አንዱ ሀብት ነው። መኪና ያለው በር ላይ ሲወርድ መኪና የሌለው ፀሐይ ላይ እንዲሄድ የሚያደርግ ደንብ ከዚህ ቃል ጋር ይጋጫል ብሎ መከራከር ይቻላል።

መረጃ የምትጠይቁበት ሕግ የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የመገናኛ ብዙኃኑን የሚመለከተው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል፤ መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው ክፍል ግን አልተሻረም። አንዳንድ ሠራተኛ «ያ አዋጅ ተሽሯል» ሲል ትሰሙ ይሆናል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በትሕትና ንገሩት። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ በቂ ምክንያት ካለው ጊዜውን ማራዘም ይችላል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ከጠየቀ ተቀባዩ ሠራተኛ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር ይጠበቅበታል።

ሦስተኛው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ስለሆነች የአስተዳደሯ አስፈጻሚ አካላትም በዚህ አዋጅ ይገዛሉ። አዋጁ መመሪያ የሚያወጣ አካል ሥልጣን የሰጠውን ሕግ እንዲጠቅስ፣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብና መመሪያውን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ሐረር የምትኖሩ አንባቢዎች እዚህ ላይ ልዩነት አለ፤ የመረጃ አዋጁ ለእናንተም ያገለግላል፣ 1183 ግን የክልል መሥሪያ ቤቶችን ስለማይመለከት በክልሉ ሕግና በክልሉ ፍርድ ቤቶች በኩል ነው የምትሄዱት።

ወረቀቱ ማን ጋ ነው?

እኔ አንድ ወር ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም መረጃ አንድ ቢሮ ያለ መስሎኝ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ «ይህ እኛን አይመለከትም» የሚል ሆነ፣ ያውም በቃል።

የቢሮዎች ስምና አደረጃጀት በየጊዜው ስለሚቀያየር በሥራቸው አስቡ። ምልክቱን የተከለው አካል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ወይም ከትራንስፖርት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። የባጃጅ ስምሪት መስመር የሚወስነው የትራንስፖርቱ ዘርፍ ነው። ክሱንና ቅጣቱን የሚመዘግበው የትራፊክ ፖሊስ ነው። የመንገድ ዳር ቦታው ለመኪና ማቆሚያ አገልግሎት የተሰጠ፣ ለወጣት ማኅበራትም የተላለፈ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱና ወደ ገቢ ሰብሳቢው ይሄዳል። ቀበሌም አይረሳ፤ የአካባቢ ቅሬታ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው፣ ስብሰባም ከተደረገ ቃለ ጉባኤው እዚያ ይገኛል።

ለእያንዳንዱ የየራሱን ደብዳቤ ጻፉ፤ የምትጠይቁትም እጁ ላይ ሊኖር የሚገባውን ብቻ ይሁን። ለትራፊክ ፖሊስ ቃለ ጉባኤ፣ ለቀበሌ የቅጣት መዝገብ ብትጠይቁ ሁለቱም በእውነት «የለንም» ይሏችኋል።

ምን ይጠየቃል?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። «ለምን ባጃጅ ተከለከለ?» የሚል ጥያቄ ማብራሪያ ይጠይቃል እንጂ ሰነድ አይጠይቅም። ማብራሪያ ደግሞ በቃል ይሰጣል፣ በቃል ይለወጣል። ሰነድ ጠይቁ፤ ሰነዱንም በዓይነቱ፣ በቦታውና በጊዜው ወስኑት።

መጀመሪያ የምትጠይቁት ክልከላው የተመሠረተበትን ደንብ፣ መመሪያ ወይም የጽሑፍ ውሳኔ ነው፤ ቁጥሩን፣ የጸደቀበትን ቀንና ያጸደቀውን አካል ጨምሮ። ከዚህ ጋር የመመሪያውን የምዝገባ ማስረጃና ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት የቀረበበትን ማስታወቂያ ጠይቁ። ከዚያ ውሳኔው የተላለፈበት ቃለ ጉባኤ ይከተላል፤ መንገዱ ተጠንቶ ከሆነም የጥናቱ ሰነድ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሰነድ ደግሞ አለ፤ ክልከላው እንዲደረግ የጠየቀው ደብዳቤ። ምልክት በራሱ አይበቅልም፤ አንድ ድርጅት፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም የሰፈር ሰው ጠይቆ ይሆናል። በእኛ ጉዳይ ነገሩን የፈታው ይህ ሰነድ ነው። አንድ ገጽ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ ያለ ተቋም በጩኸትና በመጨናነቅ ምክንያት ባጃጆች ከበሩ አካባቢ እንዲነሱለት ይጠይቃል። ከግርጌው «ይፈጸም» የሚል የኃላፊ ምሪት አለ። ጥናት የለም፣ ስብሰባ የለም፣ የተጠየቀ ነዋሪም የለም።

ቀጥሎ ልዩ ፈቃዶችን ጠይቁ። በክልከላው ቦታ እንዲቆሙ የተፈቀደላቸው ተቋማት ወይም የተሽከርካሪ ዓይነቶች ዝርዝርና የፈቃዱ ደብዳቤ። አድሎ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በክልከላው ላይ ሳይሆን በልዩ ፈቃዱ ላይ ነው፤ ደንቡ «ማንኛውም ተሽከርካሪ» ብሎ ይጀምርና በጀርባ በር የአንዳንዱን መኪና ያስገባል።

የቅጣቱን መዝገብ ስትጠይቁ የሰው ስም እንደማትፈልጉ በግልጽ ጻፉ። የግል መረጃ በአዋጁ የተጠበቀ ስለሆነ ስምና ሰሌዳ ያለበት ዝርዝር ከጠየቃችሁ ለመከልከል ሕጋዊ ምክንያት ትሰጣላችሁ። «በዚህ መንገድ ላይ፣ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር፣ ማቆም በተከለከለበት ቦታ በማቆም የተመዘገቡ ጥፋቶች ብዛት፣ በወርና በሰሌዳ ኮድ ተለይቶ» ብትሉ ይበቃል። የሰሌዳ መፍታትና የመንጃ ፈቃድ መያዝ እርምጃዎች ለብቻቸው ከተመዘገቡ እነሱንም አክሉ።

በቦታው የማቆሚያ ክፍያ የሚሰበሰብ ከሆነ ቦታው የተሰጠበትን ውልና የታሪፍ ውሳኔውን ጠይቁ። ከክልከላው ማን እንደተጠቀመ የሚታየው ከዚህ ነው።

ደብዳቤው

አጭር ይሁን፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስለ እናቴ ጉልበት በደብዳቤው ውስጥ አንድም ቃል አልጻፍኩም። እሱን ለአቤቱታው አቆየሁት፤ የመረጃ ጥያቄ ሐተታ ሲበዛበት ተቀባዩ ወደ ክርክር ይገባል። እኔ የተጠቀምኩበት አጻጻፍ ይህ ነው።

ቀን ............

ለ........................ (የመሥሪያ ቤቱ ስም)
የሕዝብ ግንኙነት ክፍል
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት፣ በቀበሌ ...... ከ............ እስከ ............ ባለው መንገድ ላይ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እንዳይቆም የተደረገውን ክልከላ የሚመለከቱ የሚከተሉት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1ኛ. ክልከላው የተመሠረተበት ደንብ፣ መመሪያ ወይም የጽሑፍ ውሳኔ፤
2ኛ. ውሳኔው የተላለፈበት ቃለ ጉባኤና ካለ የጥናት ሰነድ፤
3ኛ. ክልከላው እንዲደረግ የቀረበ ደብዳቤ ወይም ጥያቄ፤
4ኛ. በቦታው እንዲቆሙ ልዩ ፈቃድ የተሰጣቸው ተቋማት ዝርዝርና የፈቃዱ ደብዳቤ።

ከሰነዶቹ ውስጥ በሕግ የማይገለጽ ክፍል ካለ ያ ክፍል ተለይቶ ቀሪው እንዲሰጠኝ፣ በመሥሪያ ቤቱ የማይገኝ ሰነድ ካለ አለመኖሩ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት የሚገኝ ከሆነም ጥያቄዬ ወደዚያው እንዲተላለፍ እጠይቃለሁ። የቅጂ ወጪ ለመሸፈን ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻና ስልክ

«አለመኖሩ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የምትለዋን ሐረግ አትዝለሏት። መመሪያ ወይም ጥናት የለም የሚል የታተመበት ደብዳቤ፣ መመሪያውን ከማግኘት የበለጠ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ሳይጻፍ፣ ሳይመዘገብ በሰው ላይ የሚፈጸም ክልከላ የቆመበት መሠረት የለውም ብላችሁ ለመከራከር በር ይከፍታል።

አስገቡ፣ ተከታተሉ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁና መዝገብ ቤት አስገቡ። ቀጥታ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ማኖር የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ ደብዳቤ ጠፍቷል ሲባል የምታሳዩት የለም። በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባይ ፊርማና ማኅተም ይኑር። ይህን ያስተማሩኝ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያለ ቁጥር ሰጥቻቸው ስወጣ ጠርተው መለሱኝና «ልጄ፣ ቁጥር ሳትይዝ አትሂድ፤ ነገ ስትመጣ በምን እፈልግልሃለሁ?» አሉኝ። እንደ እሳቸው ያለ ሠራተኛ በየቢሮው አለ። በቁጣ የገባ ባለጉዳይ አያገኛቸውም።

ከዚያ በየአሥር ቀኑ ጎራ በሉ፤ ጠዋት ይሻላል። የሄዳችሁበትን ቀን፣ ያናገራችሁትን የሥራ ክፍልና የተሰጣችሁን መልስ በዚያው ደብተር ጻፉ።

የምትሰሙት መልስ ከጥቂት ዓይነት አይዘልም። «ለምን ፈለግኸው?» ሲሉ የማንም ሰው መብት መሆኑን ተናገሩ፤ ግን መደበቅ አያስፈልግም፣ «የመንገዱ ተጠቃሚ ነኝ» ማለት በቂ ነው። «ጋዜጠኛ ነህ?» ከተባላችሁ አዋጁ ማንኛውንም ሰው እንደሚል አስታውሱ። «ምስጢር ነው» ከተባላችሁ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጹላችሁ ጠይቁ። አዋጁ የማይሰጡ መረጃዎችን ዘርዝሯል፤ የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ የአገር ደኅንነት፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀልና የመሳሰሉት። የማቆሚያ ምልክት ከእነዚህ በየትኛውም ሥር ለመግባት ይከብደዋል። ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው፦ «ነገ ና»። ለእሱ ያለው መድኃኒት የገቢው ቁጥርና የ30 ቀኑ ቆጠራ ነው።

30 ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ፣ ወይም በቃል ብቻ እምቢ ከተባላችሁ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ አቤት በሉ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቅጂ አያይዙ፤ የሄዳችሁባቸውን ቀናት በሁለት መስመር ጥቀሱ። የኔ የመጀመሪያው ሰነድ የወጣው በዚህ ደረጃ ነው። ኃላፊው ካልመለሰ ቀጣዩ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በመረጃ ነፃነት አዋጁ አፈጻጸም ላይ ኃላፊነት የተሰጠው እሱ ነው፤ አቤቱታ ለማቅረብም ክፍያ አይጠየቅም። ተቋሙም መፍትሔ ካልሰጠ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። የይግባኝ ጊዜዎች አጫጭር ስለሆኑ እምቢታው በደረሳችሁ ሳምንት ውስጥ ቀጣዩን አስገቡ፤ ለበዓል ብላችሁ አታሳድሩት።

በዚህ መካከል የትራፊክ ክስ የተቆረጠበት ሰው ካለ አይዘናጋ። መረጃ መጠየቅ ቅጣትን አያግድም። የቅጣቱ ቅሬታ በራሱ ጊዜና በራሱ መንገድ ይቅረብ፤ አለበለዚያ ቅጣቱ እየጨመረ ይሄዳል።

ወረቀቱ ሲመጣ እንዴት ይነበባል?

ሰነዶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ጥያቄው መቼ መጣ፣ ውሳኔው መቼ ተሰጠ፣ ምልክቱ መቼ ተተከለ? ምልክቱ ከውሳኔው በፊት ተተክሎ ከሆነ፣ ወይም ጥናት የተባለው ከውሳኔው በኋላ የተጻፈ ከሆነ፣ ያን ብቻ ይዛችሁ መሟገት ትችላላችሁ።

ከዚያ የቅጣቱን ቁጥር ከራሳችሁ ቆጠራ ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ ያህል እንበልና፣ በደብተራችሁ ላይ በተከለከለው ቦታ ቆመው ካያችኋቸው 100 ተሽከርካሪዎች 40ዎቹ ባጃጅ፣ 60ዎቹ የግልና የመንግሥት መኪና ናቸው። የፖሊስ መዝገብ ደግሞ ከ50 ቅጣቶች 48ቱ በባጃጅ ላይ መሆናቸውን ያሳያል። ምልክቱ ሁሉንም የሚከለክል ሆኖ አፈጻጸሙ እንዲህ ከሆነ አድሎው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ምልክቱ ራሱ ባጃጅን ብቻ የሚከለክል ከሆነ ግን በደንቡ ላይ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ የመጀመሪያው አቤቱታ ወደ ፖሊስ፣ ሁለተኛው ደንቡን ወዳወጣው አካል ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ቀላቅዬ ጽፌ ሁለቱም ወገኖች ወደ ሌላው ጠቆሙኝ።

ሦስተኛ የሚታይ ነገር አለ፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ባለባጃጁ ገቢውን ያጣል፣ እውነት ነው። ከጀርባው የተቀመጠችው ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፣ ክራንች የያዘ ሰው ነው፣ ከቀፊራ ገበያ ሸክም ይዛ የምትመለስ እናት ናት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች፤ የአካል ጉዳተኛ ተሳፋሪ በር ላይ እንዳይወርድ የሚያደርግ ክልከላ ከዚያ አንጻርም ይታያል። በአቤቱታችሁ ላይ የተሳፋሪዎቹን ቃል አስገቡ። እኛ የሰባት ሰዎችን አጭር ጽሑፍ፣ እያንዳንዳቸው ፈርመውበት፣ አያይዘናል። ሁለቱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ ሲናገሩ ጎረቤት እያስተረጎምን በአማርኛ ጻፍነው።

አቤቱታው

ብቻችሁን አትሂዱ። የባጃጅ ባለንብረቶች ማኅበር ካለ ከጎናችሁ አድርጉት፤ ተሳፋሪዎችንም አስፈርሙ። የባለባጃጆች ጥያቄ ብቻ ሆኖ ከቀረበ የገቢ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል።

አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለወሰነው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ሰሚ አካል ነው። ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ ሰነዶቹ የሚያሳዩት፣ የሚጋጭበት ሕግ፣ እንዲደረግ የምትፈልጉት። የመጨረሻው ላይ አትስገብገቡ። «ምልክቱ ይነቀል» ብቻ ካላችሁ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ ብዙውን ጊዜም አይደለም ይሆናል። እኛ በቅደም ተከተል ጠየቅን፤ ክልከላው ሁሉንም እኩል እንዲመለከት፣ ይህ ካልሆነ ባጃጅ ሰው ለማውረድና ለመጫን ለጥቂት ደቂቃ እንዲቆም፣ ይህም ካልሆነ የአካል ጉዳተኛና ታማሚ ለያዘ እንዲፈቀድ። የጽሑፍ ውሳኔ ከነምክንያቱ እንዲሰጠንም ጨምረን ጠየቅን።

ውሳኔው ካልተስማማችሁ ሁለት በሮች አሉ። አስተዳደራዊ በደል ነው የምትሉትን እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የእኩልነት መብት ጥሰት ነው የምትሉትን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይመለከተዋል። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ደግሞ መመሪያውን ወይም ውሳኔውን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከልሰው ማመልከት ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱ ድሬዳዋ ላይም ስለሚያስችል አዲስ አበባ መመላለስ አይኖርባችሁም። ከዚህ ደረጃ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ አማክሩ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ቅሬታ ሳትጨርሱ ከሄዳችሁ ወይም ጊዜው ካለፈባችሁ ጥሩ ጉዳይ በመግቢያው ላይ ይወድቃል። አቅም ከሌላችሁ በነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ማዕከላትን ጠይቁ።

የእኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ፈጀ። የቅሬታ ሰሚው ባለሙያ ያንን አንድ ገጽ ደብዳቤና «ይፈጸም» የምትለውን ምሪት ሁለት ጊዜ አነበበውና መመሪያው የት እንዳለ ራሱ ጠየቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምልክቱ ተቀየረ፤ ባጃጅ ሰው ማውረድና መጫን ይችላል፣ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። የጠየቅነውን ሁሉ አላገኘንም፤ የቤት መኪኖቹ አሁንም ጥላውን ይዘው ይውላሉ። በልዩ ፈቃዱ ዝርዝር ላይ ያስገባነው ሁለተኛ የመረጃ ጥያቄ የገቢ ቁጥሩን ይዞ መልስ እየጠበቀ ነው፤ ማክሰኞ 30 ቀን ይሞላዋል፣ ረቡዕ ጠዋት ለኃላፊው የሚገባው አቤቱታ ተጽፎ በፋይሉ ውስጥ አለ።